ልብሱን የተወው ሌባ

ቡታጅራ፣ መስከረም ፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዓለምዘውድ፣

ሳጥኔ የጠፋው የአጎቴን እጅ ለመሳም ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት ነው። ጎንበስ ስል ከግራ እግሬ አጠገብ ነበረ። ቀና ስል ጭቃው ላይ የታተመው አራት ማዕዘን ቅርጹ ብቻ ቀርቷል።

ሰላምታ ሳላስቀድም ነገር በመጀመሬ ይቅርታሽን እለምናለሁ። እንደምን ከርመሻል? እናትሽ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ለአባትሽ ለአቶ ያረጋልም የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማንም አልነካኝም፣ የትም አላመመኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ መጥፎ ወሬ ስትሰሚ "ገና የደበቀችኝ አለ" ብለሽ እንደምትጨነቂ ስለማውቅ ነው።

በሰላም ገባሽ ወይ፣ ሥራስ ጀመርሽ ወይ ብለሽኛል። በሰላም ገብቻለሁ። ሥራ ግን አልጀመርኩም።

አረንጓዴዋን የቆርቆሮ ሳጥን ታስታውሻለሽ፤ የምረቃችን ሰሞን አብረን ነው የገዛናት። ቀሚሶቼ፣ ጫማዬ፣ መጻሕፍቴ፣ አንቺ የሠራሽልኝ ሹራብ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ነበሩ። እነሱስ ይቅሩ። ያንገበገበኝ በቡናማ ፖስታ አድርጌ ከሁሉ በታች ያስቀመጥኩት ዲፕሎማዬ ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ለዲሬክተሩ ለአቶ ካሳሁን የሆነውን ነገርኳቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

"ወይዘሪት ሀጀራ፣ እኔ አምንዎታለሁ" አሉኝ። "ግን እምነቴን ፋይል ውስጥ ላስገባው አልችልም።"

እስከ ጥቅምት አሥር ቀን ዋናውን ዲፕሎማ ካላቀረብኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ማሠልጠኛው ምትክ እንዲሰጠኝ ጽፌያለሁ፤ ነገር ግን ምትክ ለማግኘት አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁ መምህር እዚሁ አሉ።

አጎቴ ሸምሶ ከእኔ በላይ አዝነዋል። የአባቴ ታናሽ ወንድም እንደሆኑ፣ እዚህ ከተማ ሱቅ እንዳላቸው፣ ሳስተምርም እሳቸው ቤት እንደምኖር ነግሬሽ ነበር። "አይዞሽ ልጄ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው። ዘንድሮ ከእናትሽ ጋር ብታርፊ ምን ይጎድልሻል?" ይሉኛል። ሲያጽናኑኝ ለምን እንደምናደድ አላውቅም። ቁጣዬ መድረሻ አጥቶ ይሆናል።

አሁን ሳቂብኝ። አዳሪ ቤት ሳለን ስንት ጊዜ ተከራከርን? አንቺ "ፖሊስ ባለበት ከተማ ይሻለኛል" ትዪ ነበር። እኔ "ሁሉም በሚያውቀኝ አገር ማን ይነካኛል?" እል ነበር። አዲስ አበባ አራት ዓመት ኖሬ የተሰረቅሁት አንድ የእጅ ሰዓት ነው። አገሬ በገባሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን አራቱንም ዓመት ይዘውብኝ ሄዱ።

ስለ ሌባው አትጨነቂ። ጉዳዩ በፖሊስ እጅ ነው።

ያንቺዋ
ሀጀራ


ወልቂጤ፣ መስከረም ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

እህቴ ሀጀራ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ከቡታጅራ ወልቂጤ ተራራውን መሻገር ብቻ ነው፤ ብርቱ ነጋዴ በእግሩ ይመጣዋል። ደብዳቤሽ ግን አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ እንደ ሹም በአውቶቡስ ወረደ።

የእናቴ ጉልበት አልተሻለውም፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ነገሩን ሳነብላት "ያቺ ልጅ ሌባውን ያገኘችው እንደሆነ እኔ የማዝነው ለእሱ ነው" አለች። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ልደብቅሽ አልችልም። በመጀመሪያው ዓመት አማርኛ ስትናገሪ ይስቁብሽ ነበር። በመጨረሻው ዓመት በአማርኛ አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ያ ወረቀት ለእኔም ወረቀት አይደለም። ሹራቡን እንደገና እሠራልሻለሁ፤ ክሩን ገዝቻለሁ።

አሁን ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። "ጉዳዩ በፖሊስ እጅ ነው" ብለሽ ቸኩለሽ አለፍሽ። እኔ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ነው የምመታው። በፖሊስ እጅ ያለው ጉዳዩ ነው ወይስ ሰው?

ስለ ክርክራችን አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ከከተማው መሐል፣ ከገበያውና ከአውቶቡስ ማቆሚያው የሚመጣው ክስ ሁሉ "ማንነቱ ያልታወቀ ሰው" ይላል። ኪስ ተገባ፣ ጭነት ተፈታ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው። ከከተማው ዳር፣ ከአዳዲሶቹ ሠፈሮች የሚመጣው ደግሞ "መልኩን የማውቀው፣ ስሙን የማላውቀው" ይላል። ከእምድብር መለስ ካለው ገጠር ሲመጣ ግን ስሙ እስከ አያቱ ተጽፎ ነው፤ "የአባቴ ልጅ ድንበሬን ገፋ"፣ "አማቼ ላሜን ነዳ።" ሰው ከከተማ እየራቀ ሲሄድ ሌባው እየቀረበ የሚመጣ ይመስላል።

የገረመኝ ሌላው ነገር፣ ከገጠር አንዲት ሴት ራሷ ፈርማ ያቀረበችው ክስ በሦስት ወር አንድም አልመታሁም። አባቴን ለምን አልኩት። መዝገብ ቤቱን እሱ ስለሚይዘው ያውቃል ብዬ ነው። "መንገዱ ነው ልጄ" አለኝ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልነገረኝም።

የጠየቅሁሽን መልሺልኝ።

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ መስከረም ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዓለሜ፣

በፖሊስ እጅ ያለው ሰው ነው። ሰይዶ ይባላል።

ያልነገርኩሽ ረስቼ አይደለም። ስጽፍልሽ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ትክክል ከሠራሁ ለምን እንደደበቅሁት ግን ራሴን አልጠየቅሁም። ሰይዶ ከቆሼ ከተማ ወገን የመጣ ተሸካሚ ነው። ሳጥኔን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ያወረደልኝ እሱ ነው። ሳጥኔን አጥቼ ዞር ስል መጀመሪያ ያየሁት የማላውቀው ሰው እሱ ነበር። "እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። አዲስ አበባ ሰዓቴን የወሰደውን ሰው መልኩን እንኳ አላየሁትም፤ ለዚያኛው ያልጮህኩትንም አብሬ የጮህኩበት ይመስለኛል። ሲወስዱት በተሰባበረ አማርኛ "ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ወሰደ፣ ጋሪ ያለው" ይል ነበር። ያዢው አሥር አለቃ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ቡታጅራ ውስጥ ጋሪ ያለው ሰው ስንት ነው?

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ምግብ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ከፍርግርጉ ማዶ ቁጭ ብሎ ነበር።

"እትዬ፣ አንቺ እኔን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አላውቅህም።"

"ታዲያ ሌባ መሆኔን ማን ነገረሽ?"

ምግቡን በፍርግርጉ አቀበልኩት። በላው። ሲጨርስ "ጨው ያንሰዋል" አለ።

ክሴን አነሳለሁ ብዬ ለአሥር አለቃው ነገርኩት። "እዚህ ለማስገባት ጩኸት ይበቃል፣ ለማስወጣት ፊርማ ያስፈልጋል" አለኝ። ዋናው ሌባ ካልተገኘ አይለቁትም። ስለዚህ አሁን የምፈልገው ዲፕሎማዬን ብቻ አይደለም።

ሌላው ዜና ሳጥኔ ተገኝቷል። ያውም በከተማው ውስጥ አይደለም፤ መስቃን፣ በገዛ መንደራችን፣ ከአባቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ። ጎረቤታችን ሳሌሃ እንሰት ልትቆርጥ ስትወርድ ቦይ ውስጥ አየችው። ቀሚሶቼ እንደታጠፉ ናቸው። ጫማዬ አለ፣ መጻሕፍቴ አሉ፣ ሹራብሽም አለ፤ ክሩን ለሌላ አድርጊው። የጠፋው ቡናማው ፖስታ ብቻ ነው።

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ወደ አጥቢያ ዳኛው ወደ አቶ ሀያቱ ሄደና አፈርሳታ ይጠራልኝ አለ። አፈርሳታን አንቺ በፋይል ታውቂው ይሆናል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አንዴ አይቻለሁ። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማሳ የሚወርድ፣ ገበያ የሚሄድ የለም። እያንዳንዱ በተራው ይምልና በሽማግሎቹ ጆሮ የሰማውን ይናገራል። "ወፍ ነገረችኝ" ይላል፤ የትኛዋ ወፍ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእኛ መንደር ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል።

"ሙሀመድሰይድ፣ አፈርሳታ ለበሬ ይጠራል፣ ለተቃጠለ ቤት ይጠራል" አሉት አቶ ሀያቱ። "ለወረቀት ከጠራን ነገ ለጥላ ጥሩልን ሊሉን ነው።"

"ይህቺን ልጅ ለማስተማር አራት በሬ ሸጬያለሁ" አለ አባቴ። "አራት በሬ ጠፋበት ብለህ ጥራ።"

ለመስከረም ሃያ ሰባት ተቀጥሯል። የመስቀል ሰሞን ስለሆነ የመርካቶ ነጋዴዎቻችን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አገር ገብተዋል፤ ወደ ሱቃቸው ሳይመለሱ እንዲሆን ነው። አጎቴ ሸምሶም መሬት ስላላቸው ይመጣሉ። "ለአንድ ወረቀት አገር ማስቸገር ነውር ነው" ብለው ተቆጥተውኛል። እኔ ግን መንደሬ ተሰብስቦ ስለ እኔ ሲጠየቅ ማየት እፈልጋለሁ።

ስለ ሰይዶ ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፊልኝ።

ሀጀራ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዓለሜ፣

እፎይ! ይህን ቃል ከሁሉ በፊት ልጽፍልሽ ብዬ ሁለት ቀን በአፌ ይዤው ዞርኩ። ዲፕሎማዬ አቶ ካሳሁን ፋይል ውስጥ ገብቷል። ሰይዶ ከትናንት በስቲያ ተፈትቷል። ሰኞ አንደኛ ክፍልን እረከባለሁ፤ ሃምሳ አራት ልጆች፣ ሰባቱ ሴቶች። እንቅልፍ ተኝቻለሁ፣ ምግብ በልቻለሁ፣ እናቴ ከድጄ ፊትሽ ተመለሰ ብላኛለች። አሁን ቁጭ በይና የቀረውን ስሚ።

በመንደሩ መሐል የሚያልፈውን ሰፊውን የሣር ሜዳ እኛ ጀፎረ እንለዋለን። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ወንዱ ሁሉ እዚያ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ ዳር ላይ ቆምኩ።

"ሴት አፈርሳታ ላይ አትቆምም" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ባለሳጥኗ እሷ ናት" አለ አባቴ። "እኔ ውስጡ ምን እንደነበረ እንኳ በቅጡ አላውቅም።"

አቶ ሀያቱ ጢማቸውን አሻሹ። "ትቁም። ግን እንዳትናገር።"

"የመጣሁት ለመቆም ነው" አልኩ።

"ተናገረች!" አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ በጀኝ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረብኩ።

የመርካቶ ሰዎች ግን አልሳቁም። አንዱ ባለኮት "ሱቄ ተዘግቶ እዚህ ሣር እቆጥራለሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ፖሊስ ይጨርሰው ነበር" ብሎ አጉረመረመ። አቶ ሀያቱ "እዚያማ ጎረቤትህን ስለማታውቀው ነው። ተቀመጥ!" አሉት። ያን ቀን ያለፉት ሁሉ ወይ አልሰማሁም አሉ ወይ የቆሼውን ሰው ጠሩ። አቶ ሀያቱ ሲመሽ ተነሥተው "የዛሬዋ ወፍ ከቆሼ ድረስ በርራ ደክሟታል። ነገ ከቅርብ ያለችውን አምጡልኝ" ብለው አሰናበቱን።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከከተማ የመጣ ሰው ደብዳቤሽን ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። ስለ ሰይዶ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ ብትዪም ይገባኝ ነበር። ከግርጌ በእርሳስ የጨመርሽውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፦ "ልብሱን የተወ ሌባ ልብስ አልፈለገም። የማያውቅሽ ሰው ቀሚስሽን ይወስዳል። ወረቀትሽን የሚወስደው ወረቀቱ የት እንደሚያደርስሽ የሚያውቅ ነው። ጎንበስ ስትዪ ፊት ለፊትሽ ማን ነበር?"

ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁ። አጎቴ በሁለተኛው ረድፍ፣ ነጭ ኮፍያ አድርገው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፈገግ አሉልኝ፤ "በርቺ" እንደማለት። በዚያች ቅጽበት አወቅሁ፣ ዓለሜ። ሱቁ በር ላይ የሚቆመው ጋሪ ትዝ አለኝ። "ዘንድሮ ብታርፊስ" የሚለው ድምፅ ትዝ አለኝ። ከግንቦት ጀምሮ ስሙን በየሰበቡ የሚያነሱልኝ የንግድ ሸሪካቸው ልጅ ትዝ አለኝ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አንዴ በዚህ ወር ሳላረጋግጥ ጮኼ አንድ ሰው ጣቢያ ተኝቷል። ማወቄ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መንደሩ ሳይናገረው ግን የእኔ ጩኸት ብቻ ነው። እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ቀጥሎ የምጽፍልሽን አንብበሽ አቃጥዪው። ወንዶቹ ሜዳ ላይ ታስረው ሲውሉ ሴቶቹ ነጻ ነበሩ። የአጎቴ ሚስት ሀሊሜ ለበዓሉ ከከተማ መጥታለች። በዚያ ከሰዓት በኋላ ወንፊት ልዋስ ብላ ዘጠኝ ቤት ገባች። ዘጠኝ ወንፊት ምን ታደርግበታለች? ከእያንዳንዱ ቤት ስትወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትታ ወጣች። ባሎቹ ራት ሊበሉ ሲገቡ ዓረፍተ ነገሩ ጠበቃቸው።

በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰው በሽማግሎቹ ጆሮ አንድ ስም ተናገረ። ቃሉን የሚቀበሉት ሦስት ሽማግሎች ፊታቸውን ለመቆጣጠር ሲታገሉ እያየሁ ነበር። አቶ ሀያቱ በመጨረሻ ተነሡና "ሸምሶ፣ ተነሣ" አሉ።

አጎቴ አልካዱም። "አልሰረቅሁም። አስቀመጥኩ" አሉ። "ለሸሪካዬ ልጅ ልድራት ቃል ሰጥቻለሁ። ደጅ ወጥታ ደመወዝ ከያዘች በኋላ ለማን ትታዘዛለች? በጉልበት ላስጠልፋት እችል ነበር፤ ክብሯን ጠብቄ አላደረግሁትም። ወረቀቱን ብቻ ነው ያነሣሁት፤ ልብሷ እንዳይጠፋባት ሳጥኑን በአባቷ ቤት አቅራቢያ አስጣልኩላት። ጊዜው ካለፈ በኋላ እመልስላት ነበር።"

አንዳንድ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓለሜ። እንደ መስማማት። ከሁሉ የፈራሁት ያንን ነው፤ ከፖሊስ ጣቢያውም፣ ከጥቅምት አሥርም ይልቅ።

ዲፕሎማዬ ከቁርአናቸው ጋር በአንድ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነበር። አንድ እጥፋት እንኳ የለበትም። ሀሊሜ አምጥታ በእጄ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጣቴን ግን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ማን እንደተናገረ ማንም አልጠየቀም፣ ባሏም አያውቅም። ሕጉ እንዲህ ነው። ዕድሜ ለሕጉ!

አሁን አደይ የሚባሉ ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። አደይ ያኮርፋሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

ሀጀራ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

መምህርት ሀጀራ፣

ዛሬ ጥቅምት አሥር ነው! ቀኑን ካላንደር ላይ ቀይ ከብቤበት ነበር፤ ደብዳቤሽ ቀድሞት ደረሰ። እናቴ እልል ስትል ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ። እኛም አልካድንም፣ ጠላ ቀዳንላቸው።

ገጹን አቃጥያለሁ።

ይቅርታ የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ። በእርሳስ የጻፍኩትን ያኔ በእርግጠኝነት አላወቅሁትም፤ የማላውቃቸውን ሰው ጠርጥሬ ነው የጻፍኩት። ባይሆንስ ኖሮ እያልኩ እስከ ትናንት ስጨነቅ ነበር። ጩኸትሽን የዋጥሽው ለሁለታችንም ነው።

አባቴ "መንገዱ ነው" ያለው አሁን ገባኝ። ከገጠር ተነሥታ ፍርድ ቤት የምትመጣ ሴት የምታልፈው በበደላት ሰው ደጅ ነው። ከዚያ ውጭ መንገድ የላትም። እዚህ ከተማ የተሰረቀች ሴት ሌባዋን ዳግመኛ አታየውም፤ አንቺ ግን አጎትሽን ሁልጊዜ ታዪያቸዋለሽ፣ በበዓል፣ በለቅሶ፣ በአባትሽ ደጅ።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። እርቅ መቼም አይቀርም። ይቅር ልትያቸው ነው? ሰይዶስ?

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዓለሜ፣

ለእትዬ ወለተጊዮርጊስ እልልታ በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መልሴ የዘገየው እርቁ እስኪያልቅ ጠብቄ ነው፤ ግማሹን ነግሬሽ ግማሹን መደበቅ ሰልችቶኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ሽማግሎቹ በአባቴ ደጅ ተሰበሰቡ። በግ ታረደ። አጎቴ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ደህና ነበር፤ እኔም ልቤ ለስልሶ ነበር፣ ልዋሽሽ አልችልም። ልጅ ሳለሁ በትከሻቸው ተሸክመውኝ ገበያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የእርቅ ወረቀት ይጻፍ ተባለ። አቶ ሀያቱ ዙሪያቸውን አዩ፤ ጸሐፊያቸው ታሟል። ከተቀመጡት መሐል በቅጡ የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

"በይ መምህርት፣ አንቺው ጻፊው" አሉኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ።

"'የሀጀራ ሳጥን በስሕተት በጋሪ ላይ ተጭኖ ሄደ' በይ። 'በኋላም ተገኘ' በይ። 'ቤተሰቡም ታረቀ።'"

"በስሕተት?" አልኩ።

"ቃሉ ለሰላም ነው፣ ልጄ። ወረቀት የሚያየው ፖሊስ ነው፣ እኛ እውነቱን እናውቀዋለን።"

እናውቀዋለን! ሃያ ሰባት ቀን የታሰረው ሰይዶስ? እሱም ያውቀዋል፤ ፋይሉ ላይ ግን ዕድሜ ልኩን ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀመጣል፣ አጎቴ ደግሞ ጋሪው የተሳሳተበት ሰው።

ጻፍኩ። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፣ እነሱም የታዘዝኩትን የምጽፍ መስሏቸው ሥጋ ይጎራረሱ ነበር። ስጨርስ ተነሥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

"እኔ ሸምሶ፣ የወንድሜን ልጅ የሀጀራን ሳጥን በጋሪ ነጂዬ አስወስጄ ዲፕሎማዋን ሆነ ብዬ ደብቄአለሁ። እኔ ሀጀራ፣ ሰይዶ የተባለውን ሰው ሳላውቀው ሌባ ብዬ አስይዤዋለሁ። በሁለታችን ጥፋት ሰይዶ ያለ አንዳች በደሉ ሃያ ሰባት ቀን ታስሯል። ሁለታችንም አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደን በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን። በዚህ ታርቀናል።"

የሚያኝክ አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ "እኛ የጠየቅነው ጸሐፊ ነበር" አለ። አቶ ሀያቱ "የመጣልን ግን ዳኛ ነው" ብለው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አጎቴ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም።  አባቴ እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገው።

ፈረሙ። እኔም ከሥር ፈረምኩ፤ ስሜ ከጥፋቴ አጠገብ ሲያርፍ እጄ ከበደኝ፣ ሲያልቅ ግን ቀለለኝ። አንዱን ቅጂ ለአሥር አለቃው ወስጄ ፋይሉ ውስጥ ሲያስገባው ቆሜ አይቻለሁ።

በገበያ ቀን ከአጎቴ ጋር አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። ተሸካሚዎቹ ከበቡን። አጎቴ ድምፃቸው አልወጣ አለ፤ ሰይዶ "አልሰማሁም" አላቸው። ደገሙት። እኔም የእኔን ተናገርኩ። ሰይዶ "እሺ፣ ይቅር" አለኝ። "ግን እትዬ፣ ከዛሬ ወዲያ ሳጥን ሲኖርሽ ሌላ ሰው ጥሪ።" ጓደኞቹ በሳቅ ወደቁ። የሚገባኝ ነው። በመንገድ ሲያየኝ ግን ሰላም ይለኛል።

ስለዚህ አዎን፣ ይቅር ብያቸዋለሁ። በአረፋ ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ሀሊሜንም አቅፌ እስማታለሁ። ሸሪካቸው የጋብቻውን ቃል አንሥቶላቸዋል፤ ልጁም አዲስ አበባ ሌላ ሴት እንደነበረችው ሰማን፣ ከሁላችን ይልቅ እፎይ ያለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቼ ፊደል ቆጥረዋል፤ ሰባቱ ሴቶች ዘጠኝ ሆነዋል፣ ሳሌሃ ሁለት ልጆቿን ራሷ አምጥታ አስመዘገበች።

ክርክራችንን ግን አንቺም አልረታሽም፣ እኔም አልረታሁም። ከተማ የማያውቀኝ ሰው ሰዓቴን ወሰደ፣ አገሬ ላይ የሚወደኝ ሰው ዕድሌን ሊወስድ ነበር። የሁለቱንም ስም በትክክል እጠራለሁ። ከእንግዲህ እንግዳ ሲሠራው ሌብነት፣ ዘመድ ሲሠራው ስሕተት ብዬ እንድጽፍ የሚያዘኝን ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ዳኛ፣ አባቴም እንኳ ቢሆን፣ እሺ አልልም።

ሀጀራ ሙሀመድሰይድ